የጭምቱ ግራ ዓይን

ይድረስ ለእናትም ለእህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፤

ሰላምሽ ይብዛልኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ስፌት መኪናው ላይ ተጎንብሰሽ ስትውዪ የሚይዝሽ የወገብ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? ደረጃውን ትወጣለች ወይስ አሁንም ከታች ተቀምጣ ሁላችሁንም በየተራ እየጠራች ነው የምታመላልሳችሁ? ሚጡስ? የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለ? አክስቴ ከጎረቤቷ ጋር ታረቀች ወይስ ኩርፊያው ዘንድሮም አላለቀም? እኔ በቁመናዬ ደህና ነኝ። አፍንጫዬ ብቻ ወደ አንድ ወገን ዞራለች፤ ድሮም መልከ መልካም ስላልነበርኩ ብዙ የጎደለ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። እማዬ አጠገብሽ ካለች እጠፊውና ኪስሽ ውስጥ ክተቺው፤ በኋላ ሲመችሽ ታወጪዋለሽ።

የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። "ባሌ ድምፁን ያጠፋው ሌላ ሴት አግኝቶ ነው? እውነቱን ንገረኝ፣ እኔ እችለዋለሁ" ብለሻል። ሌላ አላገኘም እትዬ። ባልሽ ሆስፒታል ነው። እዚያ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። መኪና አልገጨውም፣ በሽታም አልያዘውም፤ በእነዚህ አንቺ አጥበሽ ባሳደግሻቸው እጆች ደብድቤው ነው። አሁን ያገኘሽው ነገር ላይ ቁጭ በይ። በሕይወት አለ፤ ይናገራል፤ ይበላል፤ ይቆጣል። ግራ ዓይኑ ግን ጠፍቷል። ቀኙ ተርፏል፤ ሐኪሟ ስለ ቀኙ በጭራሽ አትስጉ ብላናለች። ወሬ ሲንዛዛ ስለማትወጂ ክፉውን አስቀደምኩልሽ። እንዴት እንደሆነ ደግሞ ከሥሩ ልንገርሽ።

እንደምታውቂው እኔ ቀን ቀን ጎማ መጋዘን ውስጥ ጎማ ስደረድር ነው የምውለው፤ እሱ ደግሞ የዕቃ ማሸጊያ ሳጥን ከሚሠራበት ቤት ሚስማር ሲመታ ይውላል። ከሥራ መልስ ሁለታችንም ቦክስ ክለቡ ነን። ክለቡ ከመኪና ማጠቢያው ጀርባ ያለ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ የአሰልጣኙ ጩኸት እንኳ አይሰማም። እዚያ ባልሽን "ጭምቱ" ይሉታል፣ እኔን "ቁንዶ"። የእኔ ስም ከየት እንደመጣ ለአንቺ አላስረዳም፤ ትንሽ ሆኜ ቶሎ እንደማቃጥል ከማንም በፊት ያየሽው አንቺ ነሽ።

ጭምቱ የመጨረሻ ግጥሚያውን አድርጎ ጓንቱን ሊሰቅል፣ ከዚያም ጠቅልሎ ወደ እናንተ ሊመለስ ነበር። ይህን ለአንቺም ነግሮሻል። ግጥሚያው ሲቃረብ ተጋጣሚው ጎኑን ታመምኩ ብሎ ቀረ። በክብደት የሚመጥነው ሌላ ሰው እኔ ብቻ ሆንኩ። አሰልጣኙ "አማች ከአማች! አዳራሹ አይበቃንም!" ብሎ እጁን አፋተገ። እኛ ደግሞ ክፍላችን ገብተን አልጋ ላይ ተጋድመን ሳቅን። በለስላሳው እንነካካለን፣ ላባችንን እናወጣለን፣ ተቃቅፈን እንወርዳለን ተባባልን። "ፊቴን ብቻ አደራ፤ ሳብጥ ሚጡ እንዳትፈራኝ" አለኝ። አደራውን ተቀበልኩ።

በክለባችን አንድ ወግ አለ፤ የሚጋጠሙ ሰዎች ግጥሚያው ሲቃረብ አብረው አያድሩም፣ አብረው አይበሉም፣ አይደዋወሉም። ለሕዝቡ የሚደረግ ነገር ነው፤ ከአንድ ሳህን ሲበሉ የታዩ ሰዎች ሲቧቀሱ ማን ያምናል? ስለዚህ ፍራሼን ተሸክሜ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ገባሁ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ነው።

ከክለቡ ጎን ያለው ባለ ሁለት ወንበር ሱቅ የፀጉር አስተካካዩ ነው። የክለቡን ብሎግ የሚጽፈውም እሱ ነው። ብሎግ ማለት፣ ለእማዬ ማስረዳት ካስፈለገሽ፣ አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣው ሌላው በስልኩ ከፍቶ የሚያነበው የግል ጋዜጣ በያት። ድሮ ደንበኛ ሲጠፋበት፣ በወር አንዴ፣ ፊደል እየገደፈ ራሱ ነበር የሚጽፈው። አንድ ጊዜ ስለ እኔ "ቁንዶ ዛሬ ሲመታ ያመሸው አየሩን ነው፤ አየሩ ክስ ሊመሠርት ነው ይባላል" ብሎ ጽፎ ስንት ቀን መሳቂያ ሆኛለሁ። ተናድጄ ልመታው ነበር። ውሸት ግን አልነበረም፤ አየሩን ነበር የመታሁት።

ዘንድሮ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ስልኩ ላይ ገባለት። ኤአይ ይሉታል፤ እሱ "ረዳቴ" ነው የሚለው። ሁለት መስመር ሲነግሩት ሁለት ገጽ አድርጎ ይመልሳል፤ ፊደል አይገድፍ፣ አይደክመው፣ አያኮርፍ። በወር አንዴ ይወጣ የነበረው ብሎግ በየቀኑ መውጣት ጀመረ። አንባቢው በዛ፤ አዳራሹ ሞላ፤ አሰልጣኙ አዲስ ጫማ ገዛ። ረዳቱ ግን ከእኛ ማንንም አያውቅም። የጎደለውን ነገር ከራሱ ይሞላዋል። ስለ እኔ "በሞላ ወንዝ ላይ እየዋኘ፣ ከወይፈን ጋር እየታገለ ያደገ" ብሎ ጻፈ። አንቺ ታውቂያለሽ፤ አውራ ዶሮ ሲያባርረኝ ቀሚስሽ ሥር ገብቼ የምጮህ ልጅ ነበርኩ። ሆኖም የመጋዘኑ አለቃ ሳይቀር "የወንዙ ጀግና" እያለ ሰላም ሲለኝ ደስ አለኝ። ከክለባችን ከባድ ሚዛን የሆነው ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ የዱቄት ጆንያ ተሸክሞ ዳገት ይሮጣል ተብሎ ተጻፈለት፤ ሰውየው ከመጋገሪያው እስከ መኝታው እንኳ እያረፈ የሚሄድ ነው። ጽሑፉን አሳትሞ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ውሸቱ እስከጣፈጠን ድረስ አንዳችንም አልተቆጣንም።

አሰልጣኙ ነገሩ ትንሽ ሲያሰጋው አንድ ሕግ አወጣ። ማንም ሰው "እንዲህ ብሏል" ተብሎ ከተጻፈ፣ ጽሑፉ ቀድሞ ለእሱ ይላክና አንብቦ የአውራ ጣት ምልክት ይመልሳል፤ ያለዚያ አይወጣም። ጥሩ ሕግ ነበር። እኛ ግን ምስጋናችን እስካለበት መስመር ድረስ አንብበን አውራ ጣታችንን እንልካለን። እስከ መጨረሻው የሚያነበው ጭምቱ ብቻ ነበር። ስልኩን ወደ ቀኝ ጉንጩ አስጠግቶ አንድ በአንድ ይለቅመዋል። "የሚስትህ ደብዳቤ ነው እንዴ?" እያልኩ እቀልድበት ነበር። ለምን ወደ ቀኝ እንደሚያስጠጋው አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

የግጥሚያው ዋዜማ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እየሳለ "ስለ ጭምቱ ምን ትላለህ?" አለኝ። "ጥሩ ሰው ነው፤ የተሻለው ያሸንፍ" አልኩት። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው፤ ልጨምር ብል እንኳ የምጨምረው አልነበረኝም። እሱም ይህንኑ፣ አማቾች ሆነን አብረን እንደምንኖር ጨምሮ፣ ለረዳቱ ነገረው። ረዳቱ የጻፈው አልጥም ቢለው "ሞቅ አድርገው፤ የተጋጣሚውን ደካማ ጎንም ጨምርበት" አለው። ጨመረበት። ጽሑፉ ሲላክልኝ መጋዘን ውስጥ በአንድ ትከሻዬ የጭነት መኪና ጎማ ደግፌ ቆሜ ነበር። "የወንዙ ልጅ" ብሎ ሲጀምር አየሁና አውራ ጣቴን ልኬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

ከታች እንዲህ ይላል፤ አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ "ጭምቱን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ፤ አንድ ጣሪያ ሥር ነው የምንኖረው። በግራ በኩል የሚመጣበትን አያይም፤ ቤተሰቡም ያውቀዋል። ነገ በግራው እገባበታለሁ ሲል ቁንዶ ለብሎጋችን ተናግሯል።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ይህ ደግሞ ከአፌ ያልወጣ ወለምታ ነው፤ በምን ይታሻል?

እኔ ስለ ዓይኑ የማውቀው ነገር አልነበረም እትዬ። አንቺ ግን ታውቂ ነበር። ለዕረፍት መጥቶ ውኃ ሲቀዳልሽ ከብርጭቆው ጎን እያፈሰሰ አይተሽው፣ ያን ጊዜ ማንም እንዳይሰማ አስምሎሻል። ይህን የነገረኝ አሁን ነው። የክለቡን የዓይን ምርመራ ያለፈው ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሞ፣ ከፊቱ ያሉት ፊደሎቹን ሲያነቡ እየሰማ በቃሉ ሸምድዶ ነው። ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ያንን ጽሑፍ ሲያነብ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንቺ ለእኔ እንደነገርሽኝ፣ እኔ ደግሞ ለዓለም እንደዘራሁት። የግጥሚያው ቀን ጠዋት ሊደውልልኝ ሞክሮ ነበር። የእኔ ስልክ አሰልጣኙ ቀድሞ ሰብስቦ ባልዲ ውስጥ ከከተታቸው መካከል ነበር።

አዳራሹ ከበሩ ውጭ ድረስ ሰው ነበር። ደወሉ ሲደወል ሳቅ እያልኩ ጓንቱን ላነካካው እጄን ዘረጋሁ። እጄን አልፎት አፍንጫዬን አገኘው። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ደሙ በጉሮሮዬ ወረደ። ተሳስቶ መስሎኝ ደሜን እየዋጥኩ ፈገግ አልኩለት። ሁለተኛውን ጉበቴ ላይ ሰካው፤ ሦስተኛውን መንጋጋዬ ላይ። ጥርስ መከላከያዬ ከአፌ ወጥቶ ከገመዱ ውጭ በረረ። እንዳልወድቅ አቀፍኩት። ጆሮዬ ሥር "ነገረችህ አይደል?" አለኝ። "ማን?" አልኩት። "እህትህ!" ብሎ በግንባሩ ቅንድቤን ተረተረው። ዳኛው ገፈተረን። እኔ ስለ ምን እንደሚያወራ አልገባኝም ነበር፤ የገባኝ ሊገድለኝ እንደፈለገ ብቻ ነው።

ጥጌ ላይ ስቀመጥ አሰልጣኙ ቅንድቤ ላይ ቫዝሊን እየለቀለቀ "ምን አድርገኸው ነው?" አለኝ። ምንም አልኩት። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ሕዝቡ አንድ ላይ "በግራው! በግራው!" እያለ ይጮህ ጀመር። ሁሉም ብሎጉን አንብቦ ነው የመጣው። ዳቦ ጋጋሪው ወንበር ላይ ቆሞ በዚያ ጎርናና ድምፁ "በግራው ግባ ቁንዶ!" ይላል። ጩኸቱ በበረታ ቁጥር ጭምቱ ይብስበታል። ሆዴን እንደ ከበሮ ደበደበው። በአንዱ ጉልበቴ ተንበረከኩ፤ ዳኛው ቆጠረ፤ ተነሳሁ፤ እንደገና ወደቅኩ። ሁለተኛ ስነሳ ደሜ ፈልቶ ነበር። ያ ሰው የሚጡ አባት መሆኑ፣ የአንቺ ባል መሆኑ፣ አንድ ፍራሽ ላይ የተኛንበት ዘመን ሁሉ ከውስጤ ወጣ።

ሦስተኛው ዙር ሲጀመር ሕዝቡ ያለኝን አደረግኩ። በግራው በኩል ቀኝ እጄን ሰደድኩ። ሰው ቡጢ ሲመጣበት ወይ ይርቃል ወይ ይጨፍናል፤ እሱ ግን ዓይኑ እንደተከፈተ ተቀበለው። ደገምኩት። አሁንም አልጨፈነም። እጆቹን አንስቶ የሚከላከለው ቡጢው ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አወቅኩ እትዬ። ግራ ዓይኑ እንደማያይ ካወቅኩ በኋላ እጄን ማውረድ ነበረብኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ እንደሚባለው ሆነብኝ። የሚሳትበት ቦታ ስላልነበረ ደስ እያለኝ መታሁት። ዓይኑ ላይ መታሁት፤ ቅንድቡ ተከፈለ፤ የተከፈለውን ቦታ መታሁት። ድምፅ የጠራው ሰው እንደሚያደርገው ራሱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ሲፈልገኝ መታሁት። ገመዱ ላይ ተደግፎ እጆቹ ሲወርዱ ዳኛው መሃላችን ገባ፤ በዳኛው ትከሻ ላይ አሳልፌ መታሁት። አንዱ ለዳኛውም ደርሶታል። ሦስት ሰው ሆነው ነው እየጎተቱ ያወረዱኝ። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይበር ነበር፤ ገሚሱ ያጨበጭባል፣ ገሚሱ ይደባደባል።

ጓንቴን በመቀስ ቀደው እንዳወለቁልኝ፣ እጄ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ሄድኩ። "እህትህ" ያለኝ ነገር ከየት እንደመጣ ያወቅኩት አንዱ ልብስ ስቀይር ጽሑፉን ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ ነው። በሩን በእግሬ ነው የከፈትኩት። መስታወቱን በወንበሩ አረገፍኩት፤ ማድረቂያውን ከግድግዳው ነቅዬ ወረወርኩት፤ እሱን በሽርጡ ጎትቼ ከማጠቢያው ጋር አላተምኩት። ሁለት ጥርሱ ወለቀ። አልተከላከለም። ደሙን እየተፋ ስልኩን ፊቴ ላይ ዘረጋውና "አውራ ጣትህ ይኸው" አለኝ። አየሁት። አውራ ጣቴ ነው። ስብርባሪውና የሰው ፀጉር መሃል ቁጭ ብዬ ያን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት።

"የዓይኑን ነገር ማን ነገረህ?" አልኩት። "እኔ ምን አውቅና!" ብሎ አለቀሰ። ከዚያ የረዳቱን ነገር በዓይኔ አሳየኝ። የሌለ ሰው ፈጠረ፤ "ደንደስ የሚባል ቦክሰኛ አለ፤ ነገ ይጋጠማል፤ ሞቅ አድርገህ ጻፍልኝ፤ ደካማ ጎኑንም ጨምር" ብሎ ጻፈለት። አፍታም ሳይቆይ መለሰ። ደንደስ በሞላ ወንዝ ላይ እየዋኘ አድጓል። ደንደስ ጀግና ነው፤ ነገር ግን በግራ በኩል የሚመጣበትን አያይም። በዓለም ላይ ለሌለ ሰው ወንዝም የማያይ ጎንም ሰጠው። ወንዜን እንኳ ለሌላ ሰጠብኝ። በዚያ ሁሉ ደም መሃል እኔና ፀጉር አስተካካዩ ሳቃችን መጣ።

በማግሥቱ ሆስፒታል ሄድን። ጭምቱ ሁለቱም ዓይኖቹ ታሽገው ተኝቷል። ድምፄን ሲሰማ ትራሱን አንስቶ ወደ ድምፁ ወረወረ፤ ነርሷን ነው ያገኛት። ፀጉር አስተካካዩ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ፣ በወለቀው ጥርሱ እያፏጨ፣ ያዘዘውንም ረዳቱ የመለሰለትንም አነበበለት። የደንደስንም አነበበለት። ጭምቱ እስከ መጨረሻው ሰማው። "ስለዚህ አልነገረችህም?" አለኝ። አልነገረችኝም አልኩት። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ፋሻ ሥር የሚለቀስ ለቅሶ እንዲህ ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚያ "አንተስ፣ መቼ አወቅክ?" አለኝ። ሦስተኛው ዙር ላይ አልኩት። "መጨረሻው ላይ?" አለኝ። አይደለም፣ መጀመሪያው ላይ አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አሁን በአንቺም ላይ ቁጣ አለኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ማለት ትወጃለሽ። ይኸው ገባ! አንድ ዓይኑ የማያይ ሰው ሪንግ ላይ ሲወጣ እያወቅሽ፣ ወንድምሽ አብሮት እየኖረ፣ ምን ብለሽ ነው ሆድ ይፍጀው ያልሽው? ብትነግሪኝ እንኳን ከእሱ ጋር ልቧቀስ፣ ጓንቱን ከእጁ ቀምቼ አቃጥለው ነበር። ማሽን በድንገት የጻፈውን አንቺ ሆነ ብለሽ ብትጽፊልኝ ምን ነበረበት? ይህን ከጻፍኩ በኋላ ልሰርዘው ነበር። ተውኩት፤ ለአንቺ ያልተናገርኩት ቁጣ ውሎ አድሮ በሌላ ሰው ላይ ይወጣል። ቃልሽን ስለጠበቅሽ ነው፤ አውቃለሁ። እምልልሻለሁ፣ አንቺን የምወቅሰው ራሴን ሁልጊዜ መውቀስ ስለሰለቸኝ ነው።

ዳኛው ክስ አቅርቦ ነበርና ክለቡ ሊዘጋ ሆነ። አሰልጣኙ ይቅርታ በብሎጉ ይውጣ አለ። ማን ይጻፈው ሲባል ያው ረዳቱ ጻፈው። እንዲህ ያለ ያማረ ይቅርታ አይተሽ አታውቂም፤ ዳቦ ጋጋሪው አንብቦ እንባውን ጠርጓል። ለእኔ ተላከልኝ። በዚህ ጊዜ በጣቴ እየተከተልኩ ቃል በቃል አነበብኩት። መሃሉ ላይ "ቁንዶ የወዳጁን ጉዳት በተረዳ ቅጽበት እጁን አወረደ፤ ሊደግፈውም ሮጠ" ይላል። ይህን ረዳቱ ራሱ ነው የሞላው፤ ደግ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው ብሎ ይሆናል። ሁሉም ለመኑኝ። አሰልጣኙ "ማንን ይጎዳል?" አለኝ። ጭምቱ እንኳ ሲሰማ "ላክላቸው፤ ክለቡ ከሚዘጋ" አለ። አልላክኩም። ያንን ብልክ ጥቂት ወራት ቆይቶ እኔም አምነው ነበር፤ ወንዙን ማመን ጀምሬ እንደነበረው ሁሉ። ክለቡ ተዘጋ። አዳራሹን አሁን የመኪና ማጠቢያው ሰዎች የጨርቅ ማስጫ አድርገውታል፤ ከአሰልጣኙም ከጋጋሪውም ጋር ሰላምታ የለንም።

ፀጉር አስተካካዩ ይህንንም ደብዳቤ በረዳቱ ላስጽፍልህ፣ ሐዘንን አሳምሮ ይጽፋል ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ጽሑፌ ከተጣመመብሽ የጣቶቼ አንጓ ገና ስላልዳነ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። ጭምቱ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ እናንተ ሊመጣ ነው። ምናልባት ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ይደርስ ይሆናል። የቀኙ ፋሻ ሲፈታ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው፤ አልተሳደበም፣ አልሳቀም። "ለእሷ የሥራ ቦታ ሳጥን ወደቀብኝ ነው የምላት፤ አንተም እንደዚያ በል። ወንድሟን አላሳጣትም" አለኝ። ያፈረጥኩት ዓይን ላይ ቆሞ እኔን ሊከልለኝ ይፈልጋል። እሺም እምቢም ሳልለው ወጣሁና ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሳጥን ወደቀብኝ ካለሽ አትከራከሪው። እስከ መጨረሻው ያውራልሽ፤ የሳጥኑን ክብደት ሳይቀር ይነግርሽ ይሆናል። አንቺ ግን እወቂው፤ ሳጥን አልነበረም፤ አውቄ መታሁት፤ ካወቅኩም በኋላ አላቆምኩም። አሳጥሮም ሆነ አሳምሮ የሚነግርሽ ካለ ውሸቱን ነው። ሲመጣ ደግሞ በቀኙ በኩል ሆነሽ ተቀበይው፤ በግራው ከቆምሽ የመጣሽ መሆንሽን አያውቅም።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ እኔ የምትነግሪያትን አንቺ ምረጪ። አክስቴን ሰላም በይልኝ፤ ከጎረቤቷ ጋር ትታረቅ፣ እኔ ለምኛታለሁ በያት። ሚጡን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አባቷን ስታይ ብትፈራ አትቆጪያት፣ ቀስ ብላ ትለምደዋለች። ግቢ ውስጥ ያሉትን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ለእሱ ግን ሰላምታዬን አታድርሺልኝ። አንድ ቀን ራሱ "ያ ወንድምሽ እንዴት ነው?" ብሎ ከጠየቀሽ፣ ያን ጊዜ ጻፊልኝ። እስከዚያው ድረስ ደብዳቤ አልጠብቅም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከሆስፒታሉ መተላለፊያ፣ ከዓይን ክፍሉ በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ
መጋቢት ፲፱ ቀን